ባለታንኳዋ ስንት ዓይን አላት?

የመዝናኛው ባለቤት ቤቴ ድረስ መጥቶ «መምህርት፣ ዘንዶዎን ይሽጡልኝ» ሲለኝ በጠዋቱ የቀማመሰ መሰለኝ። ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ሲያብራራልኝ ነው የገባኝ። የፈለገው የመጽሐፌን ዘንዶ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ከጣና ሐይቅ ሥር ስላለ መንግሥት ለልጆች ልብ ወለድ እጽፋለሁ። እስካሁን አራት ክፍል ወጥቷል። ተወዳጅ ነው ይሉታል። በእኛ ከተማ አንድ መጽሐፍ ተወዳጅ ነው ማለት ከደራሲዋ ይልቅ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይወደዋል ማለት ነው። ልጆቹ ግን የእውነት ይወዱታል። ባጃጅ ውስጥ፣ ገበያ መሐል፣ አንዴማ ቅዳሴ ቆሜ ሳለሁ ነጠላዬን የሚጎትት ልጅ አላጣሁም። ጥያቄያቸውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ባለታንኳዋ ደግ ናት ክፉ?»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሐይቁ ሥር አንድ ዘንዶ ነግሦ ይኖራል። ዘንዶው ልጆች ይፈልጋል። ለምን እንደሚፈልጋቸው ማንም አያውቅም፤ እኔም ጭምር። አመሻሽ ላይ አንዲት ሴት በደንገል ታንኳ ወደ ዳር ትመጣለች፣ ብቻውን የቆመ ልጅ ታገኛለች፣ እጁን ይዛ ታሳፍረዋለች፣ ከዚያ ቀዝፋ ጉሙ ውስጥ ትገባለች። ለንጉሡ ልትሰጣቸው ነው? ወይስ ከንጉሡ ልትሸሽጋቸው? አራት ክፍል ሙሉ ትንፍሽ አላልኩም። «በክፍል አምስት ይታወቃል» እያልኩ ዓመታት አለፉ። ክፍል አምስትም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ሰውየው በሐይቁ ዳር መዝናኛ አለው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የነበረው ሀብት ጥቂት ዥዋዥዌ፣ የተጣጣፈ መዝለያና ፎቶ የሚነሱበት አንድ ሽማግሌ ፈረስ ነበር። ውጭ አገር ደርሶ ሲመለስ ግን ልቡ እዚያው ቀርቶ ነበር። ከልጆች መጽሐፍ የተሠራ ትልቅ መናፈሻ አይቷል። «መምህርት፣ እዚያ እኮ ሰው መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ አይስክሬም ይበላል!» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ማርያምን።

ንድፉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ዘንዶው ከብረትና ከሲሚንቶ ይሠራል፤ ልጆች በአፉ ገብተው እየተንሸራተቱ በጅራቱ በኩል ይወጣሉ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ከጅራቱ ሥር ምን እንዳለ ላስረዳው ቃጥቶኝ ተውኩት። ከዘንዶው ጎን ረጅም ግድግዳ ይቆማል፤ የታሪኩ ሰዎች በሙሉ በላዩ ይሳላሉ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን ጠላሁት። በአራቱም ክፍል ዘንዶውን ሙሉ አካሉን አሳይቼው አላውቅም። ሲገላበጥ ሐይቁ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ሲተነፍስ ዓሣ አጥማጆቹን አምባዛ አምባዛ ይሸታቸዋል፤ በቃ። የቀረውን እያንዳንዱ ልጅ ለራሱ ሠርቶታል። አንዱ ተማሪዬ ዘንዶው የፍየል ጆሮ እንዳለው ነግሮኛል። አንዷ ደግሞ ቁርጥ ርዕሰ መምህራችንን ነው የሚመስለው አለችኝ፤ አልተቃወምኳትም። ያን ሁሉ ዘንዶ ወደ ጎን ትቶ አንድ የሲሚንቶ ዘንዶ ማቆም በልጆቹ ላይ ግፍ መሰለኝ። መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ዘንዶ አለው፤ ለምን እንደ አዲስ እንሸጥለታለን?

ይህን ሁሉ አሰብኩና እሺ አልኩ። ለምን ቢባል ደስ ብሎኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት ፍለጋ አልደክምም። ሰው ከጭንቅላቱ ያወጣው ነገር ብረት ሆኖ ቆሞ፣ የሐይቁ ወፍ፣ ይብራ፣ ሲያርፍበት ማየት ያምረዋል። ደግሞስ የከተማችን ልጅ ከኳስና ከስልክ ሌላ ምን አለው? አንድ ዘንዶ ቢያገኝ ምን ይጎዳዋል?

የጎዳው እኔንና እትዬን ነው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እኛን የሚያውቅ ሁሉ ባለታንኳዋ እሷ እንደሆነች ያውቃል። መደበቅ አልቻልኩበትም። ረጅም ናት፤ ስትራመድ ነፋስ የምትገፋ ይመስል ከወገቧ ትንሽ ወደፊት ታዘነብላለች። አገጯ ሹል ነው። ቃል ትቆጥባለች። ሁሉን ነገሯን ሳልቀንስ ወስጄ ታንኳ ላይ አስቀመጥኩት።

እናታችን ስትሞት እሷ ባሕር ዳር ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። እኔ ገና የወተት ጥርሴ ሳይወልቅ ከከተማው ወጣ ባለችው መሸንቲ ከአባታችን ጋር ቀረሁ። አባታችን ሌላ ሚስት አገባ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ መጣች፤ ደጃፍ ላይ ብቻዬን ስጫወት አገኘችኝ፤ እጄን አፈፍ አድርጋ ወሰደችኝ። አባቴ ከኋላችን ቆሞ ሲያየን ትዝ ይለኛል። «ወዴት ነው የምንሄደው?» ብላት አልመለሰችልኝም። ካደግሁ በኋላ ስጠይቃት፣ «ከእንጀራ እናት እጅ አወጣሁሽ፤ በረሃብ ልትጨርስሽ ነበር» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እንጀራ እናቴን እኔ የማስታውሳት በእጇ ብቻ ነው፤ ፀጉሬ ውስጥ። እትዬ «ስትነጭሽ ነው» ስላለችኝ፣ ስትነጨኝ ነው ብዬ ኖርኩ።

አሳደገችኝ፤ አስተዳደጉ ግን የጦር ሰፈር ነበር። ፈረቃ ስትገባ ከውጭ ቆልፋብኝ ትሄዳለች። ቁመቴ ምድጃው ጋ ከደረሰ ጀምሮ ወጥ የመሥራቱ ነገር የእኔ ሆነ። ሐይቅ ዳር ታየች ተብሎ ከተነገራት ጥፊው አይቀርልኝም። በዚያው ልክ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ አልፏል ብሎ ሲመልሰኝ፣ ቢሮው በር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀምጣ «ሳትመዘግቧት አልነሣም» ያለችው እሷው ናት። ተመዘገብኩ። ታዲያ ለእኔ ብላ ነው የወሰደችኝ፣ ወይስ ቤት የሚጠብቅላትና ወጥ የሚሠራላት ፈልጋ? ይህን ፊት ለፊት ጠይቄያት አላውቅም። በዚያ ፈንታ ታንኳ ላይ ጫንኩትና የሰው ልጆች ሁሉ እንዲጨነቁልኝ አደረግሁ።

መጽሐፎቹን ታንብባቸው አታንብባቸው አላውቅም ነበር። አራቱንም ሰጥቻታለሁ፤ «ዓይኔ ደክሟል» ብላ ቁም ሣጥን ላይ ደርድራቸዋለች። አንድ የፋሲካ ማግስት ግን ቤቷ፣ ሰባታሚት፣ ምሳ እየበላን ሳለ ከየት መጣ ሳይባል፣ «እነዚያን ልጆች ወዴት ነው የምወስዳቸው?» አለችኝ።

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩ። ለተማሪዎቼ እንደምለው «በክፍል አምስት ይታወቃል» አልኳት። በልቼ ሳልጨርስ ትሪውን አነሣችው።

ሠዓሊው የመጣው ከዘጌ ነው። የቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም ድቁና አለው፤ ሥዕሉን የተማረው እዚያው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ነው። ስለ ራሱ ማውራት ሲጀምር ጀልባ ያመልጥሃል። ስንት ቤተ መቅደስ እንደ ሣለ፣ ስንት ሆቴል እንዳስጌጠ፣ አንድ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የሣላቸው መላእክት ደንበኛውን እንዴት አድርገው እንደሚያዩት ነገረኝ። መላእክት እያዩት ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ጸሎት ያምረው እንደሆነ ልጠይቀው አስቤ ፋታ አጣሁ።

ግድግዳው ፊት አቆመኝና የታሪኩን ሰዎች አንድ በአንድ ይጠይቀኝ ጀመር። ጥያቄው ስለ ልብስ ወይም ስለ ቁመት አይደለም።

«ስንት ዓይን?»

በዚህ አገር ያደገ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ አንተ ያዞራል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው ግን በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ፊደል ያልቆጠረ ልጅ እንኳ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የትኛው ገነት፣ የትኛው ሲኦል እንደሚገባ በዓይን ቆጠራ ይለያል።

ዘንዶው ያለ ክርክር አንድ ዓይን ተፈረደበት። ልጆቹ ሁለት ሁለት ተሰጣቸው። የንጉሡን ደጅ ስለሚጠብቁት ጉማሬዎች ሠዓሊው ጥቂት አሰበና፣ «እንስሳ አይኮነንም፤ እንደ ፍላጎትዎ» አለኝ። ከዚያ ባለታንኳዋ ጋ ደረስን።

«ስንት?»

«እሷን ከጀርባ ቢሥሏትስ?» አልኩት።

«ጀርባ?» አለ፤ የሰደብኩት ያህል። «በእኔ ግድግዳ ላይ ጀርባ የሰጠ የለም። ጀርባ የሚሰጥ የሚሸሽ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ነጠላዋን ግማሽ ፊቷ ላይ ጣል ያድርጉላት።»

«መምህርት፣ እሱም አንድ ዓይን ነው።»

«በትንሹ ዘወር ብትልስ? ሁለተኛው ዓይን ከፊሉ ብቻ የሚታይ…»

«የፈረንጅ ሥዕል ከፈለጉ ፈረንጅ ይጥሩ!» ብሎ ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰካው።

የመዝናኛው ባለቤት ለማስታረቅ ጣልቃ ገባ። «አንድ ትሁን፤ ታስፈራለች። ልጅ መፍራት ይወዳል፤ ፈርቶ ፎቶ ይነሣል።» ጊዜ ስጡኝ አልኳቸው። ሠዓሊው ራሱን ነቀነቀ። «ጊዜ አለ ብለው ነው? ከጥምቀት በፊት ይከፈታል።»

የመናፈሻና የመጽሐፍ ጠብ ያን ጊዜ ገባኝ። አንባቢ ይታገሣል፤ ደራሲዋ ሰነፍ ናት ብሎ እያማም ቢሆን ይታገሣል። ግድግዳ ግን ይደርቃል። መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ሴት ደግም ክፉም ሆና ዓመታት ልትቀዝፍ ትችላለች፤ ቀለም የያዘ ሰው ፊት ግን አንዱን መሆን አለባት። ቤቴ ገብቼ ክፍል አምስትን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የጻፍኩትን ሁሉ ሰረዝኩ። ከዚያ የፈተና ወረቀት እርማት መጣልኝ፤ በሕይወቴ የፈተና ወረቀት ሲመጣልኝ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለሠዓሊው ሳልመልስለት ቀረሁ። ዝም ካልኩት የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ግድግዳው በሸራ ተሸፍኗል፤ ባለቤቱ ለሁላችንም «ሰርፕራይዝ» ብሎ ነው። አንድ ኃላፊ ስለ ቱሪዝም ረጅም ንግግር አደረጉ፤ በንግግራቸው ውስጥ ዘንዶው አልነበረም፣ መንገድና ኮሪደር ግን ነበረ። ከዚያ ዘንዶው ተመረቀ። መጀመሪያ የገባው ልጅ ሳይሆን የባለቤቱ የሚስት ወንድም ነው፤ ደንዳና ሰው። ጅራቱ ጋ ሲደርስ ተቀረቀረ። ልጆቹ ከኋላው እየተንሸራተቱ መጥተው በእግራቸው ገፍተው አወጡት። እኔ የሣቅኩት ሣቅ የአንድ ዓመት ይበቃል።

ልጆቹም ለእኔ ሥጋት ደንታ አልነበራቸውም። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ከጅራቱ ወጥታ ቀሚሷን እያራገፈች፣ «መምህርት፣ ይኼ ዘንዶው አይደለም፤ ዘንዶውማ ሐይቁ ውስጥ ነው ያለው። ይኼ ታናሽ ወንድሙ ነው» አለችኝ። ተመልሳ ለመግባት ሮጠች። ዘንዶዋን ማንም አልነካባትም። ለካስ ግፉን የፈራሁት በከንቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስታዬም ሸራው እስኪወርድ ቆየ።

ሸራው ወረደ። ባለታንኳዋ ከግድግዳው መሐል፣ ከሁሉም ትልቃ፣ በጎን ቆማለች። አንድ ዓይን። አገጩ ደግሞ የእትዬ አገጭ ራሱ ነው፤ ከወገብ ወደፊት ያለው ዝንባሌም አልቀረ። በእጇ የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅ ይዛለች። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ «ክፉ ናት! ክፉ ናት!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። አራት ክፍል ሙሉ አፌን ይዤ የኖርኩበት ነገር በአንድ ዓይን አለቀ።

ደሜ ፈላ። ሠዓሊው ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ቆሮሶ ዓሣ ይበላል። ላዩ ላይ ቆምኩበት።

«ማን ነው አንድ ያለዎት? እኔ ፈቅጃለሁ?»

አጥንቱን ከአፉ አወጣ። «እርስዎማ ጠፉ። መልኩን ለመውሰድ ሰባታሚት እህትዎ ዘንድ ሄድሁ። ምሳ አበሉኝ፤ ወንበር አውጥተው ግቢ ተቀመጡልኝ። ‹ሰው ሁሉ ባለታንኳዋ እርስዎ ነዎት ይላልና እርስዎው ይንገሩኝ፣ ስንት ዓይን ልሣልዎ?› ብዬ ጠየቅኋቸው።»

«እና?»

«ራሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። ‹በጎን ሣለኝ፤ አንድ ይበቃኛል› አሉኝ። ለመንኋቸው እኮ! የቄስ ልጅ ነኝ፣ ያበላኝን ሰው ሲኦል እከታለሁ? እምቢ አሉ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሠዓሊውን ጥቂት ሰደብኩት። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ሰባታሚት ሄድኩ።

እትዬ ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ምረቃው ላይ ለምን እንዳልመጣች አልጠየቅኳትም፤ አውቄዋለሁ።

«ለምን አንድ አልሽው?»

«ጠየቀኝ፤ መለስሁለት።»

«መጽሐፉ እኮ የእኔ ነው!»

«ፊቱ የእኔ ነው» አለች።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ተቆጥቼ ነበር የመጣሁት፤ አጠገቧ ስደርስ ግን በርበሬ አንሥቼ አብሬያት መቀንጠስ ጀመርኩ። አንዲት የጡረታ ዕድሜዋ ያለፈ ሴት፣ ማንም ሳያስገድዳት፣ ራሷን ከኃጥኣን ተርታ አሰልፋ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«ሁለት ነው» አልኳት። «ሁለት ዓይን ነው ያለሽ። ለእኔ ደግ ነሽ።»

«እንግዲያ መጽሐፉ ለምን ቆየ?»

 ደግ መሆኗን ባምን ኖሮ ክፍል አምስት ድሮ አልቆ ነበር፤ እሷም ይህን ከእኔ ቀድማ አውቃዋለች።  በርበሬዎቹ አንድ በአንድ ሰፌዱ ላይ ይወድቃሉ።

«መሸንቲ ደህና ነበርሽ» አለች፣ ቀና ሳትል። «እንጀራ እናትሽ ክፉ አልነበረችም። ታበላሽ ነበር። ፀጉርሽን ቅቤ ቀብታ ትሠራሽ ነበር። አባታችንም ‹ተያት፣ እዚሁ ትደግ› ብሎ ለምኖኛል። እኔ እምቢ አልሁ። ከፈረቃ ስገባ ቤቱ ጭር ይልብኝ ነበር፤ ሰው ፈለግሁ። ለራሴ ነው የወሰድሁሽ።»

ባለታንኳዋ ልጆቹን ወዴት እንደምትወስዳቸው ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ወደ ንጉሡ አይደለም። ከንጉሡም ለመሸሸግ አይደለም። ወደ ቤቷ ነው፤ ብቻዋን ስለሆነች። ክፍል አምስት ከዚያ ቀን ወዲህ አላስቸገረኝም።

በዚያች ሰዓት ግን ስለ ክፍል አምስት ግድ አልነበረኝም። ንዴት ነበር የያዘኝ፤ የለየለት ንዴት። ያቺ ሴትዮ ፀጉሬን ስትሠራኝ እንጂ ስትነጨኝ አልነበረም። ካረፈች ቆይታለች፤ ሄጄ እግሯ ላይ የምወድቅባት እንኳ የለችም።

«በክፍል አንድ ጅብ አድርጌያታለሁ እኮ!» ብዬ ጮኽኩ። የጎረቤት ውሻ ጮኸልኝ።

«አንብቤዋለሁ» አለች እትዬ። «አራቱንም አንብቤያቸዋለሁ። ጅብ ስትሆን አልቅሼላታለሁ።»

ልስቅ ይሁን ልጮኽ ግራ ገባኝ። እንባዬ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ አድርጌ አልጠላኋትም፤ እንዲህ አድርጌም አልወደድኳትም።

«ይጸጽትሻል?» አልኳት።

እጇን ከበርበሬው አነሣች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አይ» አለች። «ክፋቴ እሱ ነው። ዛሬም ቢሆን እወስድሻለሁ።»